የሚያድር የቁርስ ካሰሮል ምንድን ነው?

አሥራ ሁለት እንግዳ ያደረበት ቤት ጠዋቱ በሒሳብ ይጀምራል። አንድ መካከለኛ መጥበሻ በአንድ ጊዜ አራት እንቁላል ይይዛል። ለሰው ሁለት ሁለት ይድረስ ከተባለ 24 እንቁላል፣ ማለትም ስድስት ዙር ነው። አንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ግማሽ ሰዓት ይሞላል። የመጀመሪያው ተረኛ በልቶ ሲነሣ የመጨረሻው ባዶ ሳህን ይዞ ቆሟል፤ ጠባሹ ደግሞ ከማንም ጋር ሳይቀመጥ ቁርሱ ያልቃል።

የሚያድር የቁርስ ካሰሮል ለዚህ ጣጣ የተገኘ መላ ነው። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ፎርማጆ እንዲሁም የበሰለ ሥጋ ወይም አትክልት ማታ በአንድ ሰፊ የኦቨን ዕቃ ይደረደራል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ተጋግሮ እንደ ኬክ እየተቆረጠ ይታደላል። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ፣ ትኩሱን ይበላል። ያሰናዳውም ሰው አብሮ ይቀመጣል።

ካሰሮል የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ የምግቡ ሳይሆን የዕቃው ስም ነበር። “ሁለት ሳህን በላሁ” ሲባል ሳህኑን የበላ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ የዕቃው ስም እየቆየ በውስጡ ወደሚበስለው ምግብ ተሻገረ። ስለዚህ ካሰሮል የሚባለው ነገር ብዙ ዓይነት ነው፤ የቁርሱም ቢሆን በዳቦ፣ በተፈቀፈቀ ድንች ወይም ያለ ሁለቱም ይሠራል። ዳቦ ያለበት ስትራታ የሚባል የራሱ ስም አለው። ቃሉ የላቲን ሲሆን ንብርብር ማለት ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች የድንጋይ ንጣፎችን የሚጠሩትም በዚሁ ቃል ነው። በአሜሪካ በገና ማለዳ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ከሚዘወተሩ ምግቦች አንዱ ይኸው ነው። እኔም እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ ባለ ዳቦው ነው፤ ማደሩ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ዳቦውን ስለሆነ።

ብዙ ሰው ማታ ማሰናዳቱ ለጠዋት እንቅልፍ ሲባል ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ግን ሌሊቱ ራሱ ከምግቡ ግብዓቶች አንዱ ነው፤ ቢቀር ይታወቃል። ይህን ለማየት ከዳቦው መነሣት ያስፈልጋል።

ዳቦ ሲቆይ የሚጠነክረው ውሃው ስለሚተን ብቻ አይደለም። ስታርች የሚባለው የዱቄቱ ዋና ክፍል በጋገራ ጊዜ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ከቀን ወደ ቀን ቀስ እያለ ተመልሶ ይጠጥራል፤ በዳቦው ውስጥ ያሉት የትንንሽ ጉድጓዶች ግድግዳም አብሮ ይጠነክራል። እንዲህ ያለው ዳቦ እንቁላልና ወተቱን ሲጠጣ ግድግዳው ሳይፈርስ ጉድጓዱ ይሞላል። ትኩስ ዳቦ ግን ገና ለስላሳ ነው፤ ፈሳሹ ሲነካው ተልፈስፍሶ ወደመጣበት ሊጥ ይመለሳል። ስለዚህ ለሚያድር ምግብ ያደረ ዳቦ ነው የሚፈለገው። ያደረ ከሌለ፣ ትኩሱ ሁለት ጣት ያህል በሆነ ጎን እየተቆረጠ 150 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደርቃል። መቅላት የለበትም፤ ሲነካ ኮሽ ማለት ከጀመረ ይበቃዋል።

የተመታው እንቁላልና ወተት ሲፈስስበት ዳቦው መጀመሪያ ይንሳፈፋል። ከላይ ያሉት ቁራጮች ደረቅ ግንባራቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ከሥር ያሉት ሰምጠዋል። በዚህ ሰዓት በንጹሕ መዳፍ ቀስ ብሎ ወደ ታች መጫን ነው። ፈሳሹ በጣቶች መካከል ብቅ ይልና እጅ ሲነሣ ተመልሶ ይሰወራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ መጫን ነው። ከዚያ ላዩ በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ጠንቃቃ ሰው ከፕላስቲኩ በላይ ሌላ ጠፍጣፋ ዕቃ አስቀምጦ ያከብደዋል።

ጠዋት አንዱን ቁራጭ አውጥቶ በቢላ ለሁለት መክፈል ይቻላል። በደንብ ያደረ ከሆነ ከዳር እስከ መሃል አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ በዕቃው ታችም የሚንቀሳቀስ ፈሳሽ የለም። አንድ ሰዓት ብቻ የቆየውን ብንከፍተው ግን መሃሉ ነጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ያን ነጭ ልብ ይዞ ኦቨን የገባ ዳቦ ከላይ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ያልጠጣው እንቁላል ደግሞ ከታች ተጠራቅሞ እንደ ጎማ ምንጣፍ ይረጋል። በአንድ ዕቃ ሁለት የማይተዋወቁ ምግቦች ማለት ነው። ያ ነጭ እንዲጠፋ ቢያንስ አራት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሌሊት ሙሉ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ልኩን በተመለከተ፣ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር የሆነና አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ ለ12 ሰው ይበቃል። ወደዚያ ዕቃ 10 እንቁላል፣ 700 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 450 ግራም ዳቦ፣ 250 ግራም የተፈቀፈቀ ፎርማጆና 400 ግራም ያህል የበሰለ ቋሊማ ወይም አትክልት ይገባል። ቁጥሮቹን ሁሉ መያዝ የማይወድ ሰው አንዱን ብቻ ይያዝ፦ ለአንድ እንቁላል 70 ሚሊ ሊትር ወተት። ወተቱ ከዚህ በጣም ካነሰ የሚወጣው ደረቅ የእንቁላል ጥብስ ነው፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ቁራጩ ከዕቃው ወደ ሳህን ሳይደርስ ይፈርሳል። ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ቋሊማውና ፎርማጆው ጨዋማ ከሆኑ ግማሹ። ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ሰናፍጭ ከእንቁላሉ ጋር አብሮ ቢመታ የወተቱን ለስላሳነት ይሰብረዋል። እንቁላሉ የነጩ ክር እስኪጠፋ ድረስ ይመታ፤ አለዚያ ተጋግሮ ሲወጣ እዚህም እዚያም ነጭ ነጭ ቁራጭ ሆኖ ይታያል።

እንቁላል ሲሞቅ የሚረጋው በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ከመጠቅለላቸው ተፈትተው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው፤ እንደ መረብ ይሆኑና ወተቱን በመካከላቸው ይይዙታል። ሙቀቱ ሲያልፍ፣ በግምት ከ85 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ መረቡ እየጠበቀ ይሄድና የያዘውን ውሃ እንደተጨመቀ ስፖንጅ ይለቀዋል። ከዕቃው ዳር ውሃ ያቀረረ ካሰሮል አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ከልክ በላይ ተጋግሯል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥሬ አትክልት ነው። ይህንን የተማርኩት በራሴ እንግዶች ፊት ነው። ግማሽ ኪሎ እንጉዳይ ጥሬውን ከትፌ በዳቦው መካከል አነጠፍኩት። እንጉዳይ ከክብደቱ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ ውሃ ነው፤ እንግዲህ ሳላውቀው ሁለት ብርጭቆ የሚጠጋ ውሃ ጨምሬያለሁ ማለት ነው። ላዩ ወርቃማ ሆኖ ስለወጣ ደስ ብሎኝ ቆረጥኩት። ማንም ምንም አላለም፤ ሁሉም ግን ሹካውን አስቀምጦ ማንኪያ ሲያነሣ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንጉዳይም ሆነ ስፒናች፣ ሽንኩርትም ሆነ ቃሪያ፣ ውሃው እስኪመጥ ድረስ በመጥበሻ ላይ ሳያልፍ ወደ ዕቃው አይገባም። ስፒናቹን ከዚያም በኋላ በእጄ እጨምቀዋለሁ። ቲማቲም ለሚወድ ሰው የምመክረው በጎን ተከትፎ እንዲቀርብ ነው። ጥሬ ድንች ተፈቅፍቆ ካደረ ይጠቁራል፤ ቀድሞ መቀቀል አለበት።

ሥጋውም ቢሆን ማታውኑ ሙሉ በሙሉ ይበስላል፤ ስቡ ይጠፈፍለታል፤ ከዚያም ይቀዘቅዛል። ጥሬ ሥጋ ከዳቦና ከእንቁላል ጋር አሳድሮ ጠዋት ኦቨኑ ያበስለዋል ማለት ትክክል አይደለም። ትኩስ ሥጋ መጨመርም እንዲሁ፤ እንቁላሉን ያሞቀዋል፤ ማቀዝቀዣውም ያን ሙቀት ለማብረድ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። በምግብ ውስጥ ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ “ማደር” ስንል 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማደር ነው። ኩሽናው የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር አይቻልም። ሳይጋገር ከ24 ሰዓት በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው። ካስፈለገ ተጋግሮ ከቀዘቀዘ በኋላ በረዶ ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ ዳቦው ግን ትንሽ ይለሰልሳል።

እንግዳው 24 ቢሆንስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉንም ነገር እጥፍ አድርጎ በአንድ ጥልቅ ዕቃ መሙላት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀት ወደ መሃል የሚደርስበት ጊዜ ከጥልቀቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ዳሩ አርሮ መሃሉ ጥሬ ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ዕቃ ነው፤ ጥልቀቱ አይነካም። ሁለቱ በተለያየ መደርደሪያ ላይ ከሆኑ በመሃል ቦታ ይለዋወጡ።

ጠዋት ላይ፣ ከቁርስ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ዕቃው ከማቀዝቀዣ ይወጣና ኦቨኑ 180 ዲግሪ እስኪደርስ ውጭ ይቆያል። ዕቃው የብርጭቆ ከሆነ ይህ ትዕግሥት የግድ ነው፤ በረዶ የሆነ ብርጭቆ በድንገት ትኩስ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ በአልሙኒየም ፎይል ተሸፍኖ 30 ደቂቃ፣ ፎይሉ ተነሥቶ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይጋገራል። ሽፋኑ የሚነሣው ላዩ እንዲቀላ ነው፤ እኔ የፎርማጆውን ሲሶ እስከዚያ አስቀርቼ ያን ጊዜ እነሰንሰዋለሁ። መድረሱን ለማወቅ ቢላ መሃሉ ላይ ይሰካል፦ እርጥብ እንቁላል ካልያዘ ደርሷል። የሥጋ ቴርሞ ሜትር ያለው ሰው መሃሉ 74 ዲግሪ ሲሆን ያውጣው።

ሲወጣ እንደ ትራስ ተነፍቶ ነው። ዓይን እያየው ይወርዳል። ያሳበጠው እንፋሎት ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራ ሰው ግን የተበላሸበት መስሎት መደንገጡ አይቀርም። 15 ደቂቃ ሳይነካ ቢቆይ ይጠናል፤ ከዚያ በአንዱ ወገን ሦስት፣ በሌላው አራት ተደርጎ ሲቆረጥ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ጎን ያላቸው 12 ቁራጮች ይወጣሉ። የማዕዘኖቹ አራት ናቸው፤ ፈላጊያቸው ሁልጊዜ ከአራት ይበልጣል።

የሚያረፍድ እንግዳ ካለ ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ተሸፍኖ ሊጠብቅ ይችላል፤ እጅግ ሲቆይ ግን እንቁላሉ አረንጓዴ ነገር ያሳያል። የአስኳሉ ብረትና የነጩ ድኝ ሲገናኙ የሚፈጠር ቀለም ነው፤ አይጎዳም፤ አያምርም እንጂ። የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይመለስና በሦስት አራት ቀን ይበላል። በማግስቱ አንዱን ቁራጭ በቁመቱ ከፍሎ፣ የተቆረጠውን ፊት በትንሽ ቅቤ መጥበሻ ላይ ማስተኛትና ክዳን ደፍቶ መሃሉ እስኪግል ማሞቅ ነው። ለእኔ ከመጀመሪያው ቀን የሚበልጠው ይህ ነው፤ ለእንግዳ ግን አልነግርም።