ኦስካር «ወጥ» የሚለው ስክሪፕት የትኛው ነው?

ከመጽሐፍ ያልተወሰደ ፊልም እንዴት «ከሌላ ሥራ የተወሰደ» ተብሎ ይወዳደራል? ጥያቄው በየዓመቱ ይነሳል። የኦስካር ሽልማት የፊልም ስክሪፕቶችን በሁለት ምድብ ያወዳድራል፦ «ወጥ» (ለፊልሙ እንደ አዲስ የተፈጠረ) እና «ከሌላ ሥራ የተወሰደ»። ታሪኩ ወይም ገጸ ባሕርያቱ ከቀደመ ሥራ ከመጡ ስክሪፕቱ ወጥ አይባልም፤ ተከታይ ክፍልም እዚሁ ይገባል። የወንጀል ምርመራ ፊልሙ «ናይቭስ አውት» በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኦስካር በወጥ ታጨ። ቀጣዩ «ግላስ ኦኒየን» አዲስ ወንጀልና አዲስ ተጠርጣሪዎች ቢኖሩትም መርማሪው ያው ስለሆነ በ2023 በተወሰደ ምድብ ገባ። የሁለቱም ፊልሞች ጸሐፊ ያው ሰው መሆኑ ምንም አልለወጠም። በእውነተኛ ክስተት ላይ መመሥረት ግን ብቻውን ወጥነትን አያሳጣም።

ሰው የሚምታታበት ሌላም ነገር አለ፤ የአሜሪካ ጸሐፊዎች ማኅበር የራሱ መስፈርት አለው። በ2017 «ሙንላይት»ን ማኅበሩ በወጥ ሸለመው፤ ኦስካር ደግሞ መነሻው መድረክ ያላየ ተውኔት ነው ብሎ በተወሰደ። በኦስካር የአወዛጋቢ ስክሪፕትን ምድብ የሚወስነው ሽልማቱን የሚሰጠው አካዳሚ የጸሐፊዎች ክፍል ነው።