የነዳጅ ጉድጓድ ሲተው ማን ይዘጋዋል? ደሴ ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ወረኢሉ አካባቢ ዘይት ከመሬት ውስጥ የሚንጠባጠብበት ቦታ እንዳለ ጂኦሎጂስቶች ከመዘገቡ ቆይቷል። ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ ይህ ከተነሳ ወሬው ወዲያው መቼ ይቆፈራል ወደሚለው ይዞራል። ሲያልቅ ማን ይዘጋዋል ብዬ ስጠይቅ የሚመጡልኝ መልሶች ግን ያሳስቡኛል።

«አብሽር፣ ድንጋይና አፈር ከሞሉበት ይበቃል።»

አይበቃም። የነዳጅ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በመንገዱም የምንጠጣውን ውሃ የያዘውን ድንጋይ በስቶ ያልፋል። አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ ከ1859 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆፈሩት ሰዎች አንዳንዱን ጉድጓድ በግንድ ነበር የወተፉት። እንጨት ደግሞ ይበሰብሳል። ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። የቴክሳስን ብንወስድ፣ ሲሚንቶው በቱቦ ወደ ታች ይሰደዳል እንጂ ከላይ አይደፋም፤ ነዳጅ የነበረበት ንብርብር ይደፈናል፣ ንጹሕ ውሃ ያለበት ይደፈናል፣ አፉም ይደፈናል። ውስጥ ያለው ድፍን ቢያንስ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል መሆን አለበት። በመካከሉ ከባድ ጭቃ ይሞላል። የብረት ቱቦው ደግሞ ከመሬት በታች 3 ጫማ ላይ ይቆረጣል፤ ማረሻ አያገኘውም ማለት ነው።

«ደርቋል፣ ምን ያመጣል?»

ደረቀ የሚባለው ብዙ ጊዜ ኩባንያው አያዋጣኝም ሲል ነው። ታች የቀረ ጋዝ አለ፣ ብረቱም ይዝጋል። ከዚያ ታች ያለው ጨዋማ ውሃ ወደ ምንጭ፣ ሚቴን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ወደ አየር መውጫ ያገኛል። ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል።

«መሬቱ የማን ነው? እሱ ይዝጋው።»

አይደለም፤ የሚዘጋው ሲያመርትበት የነበረው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሥራ ከቆመ በ1 ዓመት ውስጥ መዝጋት ይጀመራል። ችግሩ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ በዚያ ቀዳዳ ዓመታት ያልፋሉ።

«ኩባንያው ከከሰረ ግዴታውም አብሮት ያበቃል።»

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ካናዳ አልበርታ ውስጥ ሬድዋተር የተባለ ኩባንያ ከሰረ። አጣሪው የሚያተርፉትን ጉድጓዶች ሸጬ ለአበዳሪው ልክፈል፣ የማይረቡትን ልተዋቸው አለ። ክርክሩ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2019 (እ.ኤ.አ.) አይሆንም፣ መጀመሪያ ጉድጓዶቹ ይዘጉ ብሎ ወሰነ። ጥሩ ፍርድ ነው፤ ግን ካዝናው ባዶ ከሆነ ፍርዱ ሲሚንቶ አይገዛም። ስለዚህ ነው ሕጉ ከቁፋሮ በፊት ለመዝጊያ የሚሆን የገንዘብ ዋስትና የሚያስይዘው። እሱም ትንሽ ከሆነ ዋጋ የለውም። በአሜሪካ ፌዴራል መሬት ላይ የአንድ ሊዝ ዝቅተኛ ዋስትና ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 10 ሺህ ዶላር ነበር፤ 150 ሺህ የተደረገው በ2024 ነው። በአገሩ ሁሉ ባለቤት አልባ ሆነው የቀሩትን ለመዝጋትማ በ2021 ኮንግረሱ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ከሕዝብ ገንዘብ መደበ።

«እዚህ መቼ ተቆፈረና ነው የምትጨነቀው?»

ስላልተቆፈረማ ነው! አገራችን ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ አላት፣ ቁጥር 295። ሥራው የሚካሄደው መንግሥትና ኩባንያው በሚፈርሙት ውል ነው። ማሽኑ ወረኢሉ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ያ ውል ሲረቀቅ ነው መጠየቅ ያለብን፤ ለመዝጊያ ስንት ተያዘ፣ የት ተቀመጠ፣ ሲሚንቶው ሲገባስ ማን ቆሞ ያያል?