የሲፓፕ ግፊት፦ ሰው የሚለውና ጉሮሮ የሚፈልገው

ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የጉሮሮው ጡንቻ ይላላና የአየር መንገዱ ይዘጋል። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ እየታነቀ ይባንናል። (ሌሊት ዱካክ ይጫነኛል ከሚሉት መሃል ይኸው ሕመም ያለባቸው አይጠፉም።) ሲፓፕ የሚባለው ማሽን በማስክ በኩል ሳያቋርጥ አየር እየነፋ መንገዱን ከፍቶ ያሳድራል። ጣጣው በስንት ግፊት ይንፋ የሚለው ላይ ነው። ፒያሳም ይሁን ካዛንቺስ፣ ማሽኑ በዘመድ ሻንጣ የመጣለት ሰው ሐኪም ጋ ሳይደርስ ምክር ይጎርፍለታል፤ አንዱ ጨምር ይለዋል፣ ሌላው ቀንስ።

«የደም ግፊት አለብኝ፤ በላዩ ላይ ሌላ ግፊት?»

ጥፋቱ የቃሉ ነው። እኛ ዘንድ ግፊት ከተባለ የደም ግፊት ነው። የማሽኑ ግፊት ግን የአየር ነው፤ የሚለካውም በሴንቲሜትር ውሃ ነው። 10 ማለት 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ የሚያሳርፈው ጫና ማለት ነው። 120 የሚባለው የደም ግፊት በዚሁ መለኪያ ቢቀየር 163 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱን ከዚህ መገመት ይቻላል። ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር ኦክስጅን ይወርዳል፣ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ሲፓፕ ይህን ስለሚያስቀር የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ግን መድኃኒት አይቆምም።

«የኦክስጅን ማሽን ነው፤ በደንብ ክፈተው»

ኦክስጅን አያመርትም፤ የክፍሉን አየር በፊልተር ስቦ ይገፋል። ክፍሉ ውስጥ ዕጣን ከጨሰ የሚነፋው ያንኑ ነው። ቡና በሚፈላበት ክፍል የሚያድር ማሽን ፊልተሩ ቶሎ ይጠቁራልና በየሳምንቱ ይታይ።

በደንብ መክፈቱም የራሱ መዘዝ አለው። የተለመደው ማሽን ከ4 እስከ 20 ይሠራል። በእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ባለሙያው ከ4 ይነሳል፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ እየጠበቀ በ1 በ1 ይጨምራል። መቋረጡም ማንኮራፋቱም ሲጠፋ፣ በተለይም ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ደረጃ ውስጥ ሳለ ሲጠፋ፣ እዚያ ላይ ያቆማል። ከዚያ ካለፈ አየሩ ወደ ሆድ ይገባል፤ ጠዋት ማግሳትና ሆድ መንፋት ይመጣል። ማስኩም በጠርዙ ማፍሰስ ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ሲወርድ አንጎል «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ ለጊዜው መተዉ ነው። ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ትንፋሹ ይቆማል። ማሽኑ ይህንንም ስለሚቆጥር ጠዋት የሚያሳየው የመቋረጥ ቁጥር ይጨምራል፤ ሰውየው ደግሞ አልበቃ ብሏል ብሎ እንደገና ግፊቱን ከፍ ያደርጋል።

ሕመሙ የጠናበት ሰው ብዙ ግፊት ይፈልጋል ማለትም አይደለም። በሰዓት 60 ጊዜ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው 8 ሊበቃው፣ 20 ጊዜ የሚቋረጥበት 12 ሊያስፈልገው ይችላል።

«አዲስ አበባ ከፍታ ናት፤ ሁለት ጨምርበት»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው የሚያስቸግረው። ጉሮሮን የሚከፍተው ከአካባቢው አየር በላይ ያለው ትርፍ ግፊት ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 10 የሚበቃው ጉሮሮ መስቀል አደባባይ ላይም በ10 ይከፈታል። የሚቸገረው ማሽኑ ነው። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ ፒያሳና አራት ኪሎ ሲወጣ 2,400ን ያልፋል። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ግፊቱን ራሱ የማይለካ፣ ማራገቢያው በተወሰነ ፍጥነት ብቻ የሚዞር አሮጌ ማሽን ስክሪኑ ላይ 10 እያለ ማስኩ ጋ የሚያደርሰው 7.5 ወይም 8 ነው። አንዳንዶቹ አሮጌዎች ሜኑ ውስጥ የከፍታ ደረጃ አላቸውና መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። እንዲህ ያለ ማሽን ሳይስተካከል ወደ አዳማ ቢወርድ ደግሞ እዚህ ከሚሰጠው በላይ ይነፋል።

አዳዲሶቹ ግፊቱን እየለኩ የማራገቢያውን ፍጥነት ራሳቸው ያስተካክላሉ። እነሱ ላይ ሁለት መጨመር እውነተኛ ሁለት መጨመር ነው። ግን ወሰን አላቸው፤ ወሰኑም መመሪያው ላይ ተጽፏል። የሬስሜድ ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር ይላል። የመጀመሪያው የፊሊፕስ ድሪምስቴሽን እስከ 2,286 ነው፤ ከተማችን ከዚያ በላይ ናት። ከወሰኑ ማለፍ ማሽኑን አያቆመውም፤ 8 ወይም 9 ላይ ላይታወቅም ይችላል። 18 ላይ፣ በተለይ ማስኩ እያፈሰሰ፣ አቅም ሊያንሰው ይችላል። እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለሁለቱም ከወሰን ውጭ ነው።

የሚጠራጠር ሰው መለካት ይችላል፤ መለኪያው ስሙ ላይ አለ፦ ውሃ። ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ይገዛል። በዩ ቅርጽ ታጥፎ ካርቶን ላይ ከማስመሪያ ጋር ይለጠፋል፤ ሁለቱም ክንዶች ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይሁኑ፣ አለዚያ ውሃው ይፈስሳል። እስከ ግማሽ ቀለም ያለው ውሃ ይሞላና አንዱ ጫፍ ማስኩ ላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ጋር ይገጠማል። ቀዳዳ የሌለው ማስክ ከሆነ በቱቦውና በማስኩ መሃል የምትገባ የኦክስጅን ማስገቢያ መገጣጠሚያ አለች። ሌላው ጫፍ ክፍት ይተዋል። ማሽኑ ቋሚ ግፊት ላይ ይደረግ፣ ራምፑ (ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያወጣው) እና የትንፋሽ ማቅለያው (ትንፋሽ ሲያስወጡ ግፊቱን የሚቀንሰው) ይጥፉ፣ የማስኩ አፍ በመዳፍ ይከደን፤ የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹ ግን አይደፈኑ። 10 ላይ ከሆነ አንዱ ክንድ 5 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ ሌላው 5 ይወጣል፤ በመሃላቸው ያለው ልዩነት 10 መሆን አለበት። 8 ከሆነ የጎደለው ታወቀ ማለት ነው።

«አውቶ ነው፤ ራሱ ያውቃል»

አውቶው (ግፊቱን እንደ ጉሮሮው ሁኔታ ራሱ የሚቀያይረው ማሽን) ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ 4–20 ተብሎ ነው። ራሱ ማስተካከሉ እውነት ቢሆንም ከ4 ተነስቶ እስኪደርስ ድረስ ጉሮሮው ደጋግሞ ሊዘጋ ይችላል፤ ሰውየውም በ4 ትንፋሽ ያጥረዋል። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ሪፖርቱ ይታይ። የመሃል ግፊቱ 8፣ የ95 በመቶው 10.6 ከሆነ (ከሌሊቱ 95 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ በዚያ ወይም ከዚያ በታች አሳልፏል ማለት ነው) ታችኛውን ወደ 7፣ ላይኛውን ወደ 13 ማጥበብ ምክንያታዊ ነው።

«ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ግፊት ጨምር»

ጠዋት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ኤኤችአይ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ይናገራል፤ ከ5 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚታየው የሚያፈሰው አየር ነው። ሬስሜድ ላይ በደቂቃ ከ24 ሊትር ካለፈ ሌላው ቁጥር ሁሉ አይታመንም። ጺም፣ ያረጀ የማስክ ጠርዝ ወይም ተከፍቶ የሚያድር አፍ ይሆናል። ቀጥሎ ዓይነቱ ይለይ፤ በመዘጋት ከሆነ ግፊት ይረዳል፣ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ የቆመ ከሆነ ግን ማሳደጉ ያባብሰዋል። የልብ ድካም ወይም ጽኑ የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ኦክስጅን ወይም ሞርፊን መሰል ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ውጭ ቁጥር አይንካ።

«ማስወጣት ከበደኝ፤ ቀንሱልኝ»

ከመቀነሱ በፊት ራምፕ አለ፤ እንቅልፍ እስኪመጣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ቀስ በቀስ ያወጣል። ትንፋሽ ሲያስወጡ ግፊቱን በ1፣ በ2 ወይም በ3 የሚያቀልም አለ። 3 ላይ ሲደረግ መቋረጡ የሚመለስባቸው ስላሉ ሪፖርቱን እያዩ ነው። ክብደቱ በአሥር በመቶ የተለወጠ ሰውም እንደገና ይታይ። በዓል ላይ አረቄ የተጠጣበት ሌሊት ቁጥሩ ቢበላሽ ግን የጉሮሮው መላላት ነው፤ በዚያ ሌሊት ተነስቶ ቁጥር አይቀየርም።

«የአጎቴ ማሽን ነው፤ እንዳለ ልጠቀምበት»

በውስጡ ያለው የአጎት ቁጥር ነው። ኤርሴንስ 10 ላይ መዞሪያውንና የመነሻ ገጽ (ሆም) ቁልፉን አንድ ላይ 3 ሰከንድ ሲይዙ የሐኪሙ ሜኑ ይከፈታል። አንድም ነገር ሳይነካ እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ከዚያ በሐኪም ትእዛዝ አንድ ነገር ብቻ፣ በ0.5 ወይም በ1፣ ተቀይሮ ሳምንት ይጠበቅ። ማሽኑ የመጀመሪያው ድሪምስቴሽን ከሆነ ደግሞ ፊሊፕስ በሰኔ 2021 በድምፅ ማፈኛ ስፖንጁ መበላሸት ምክንያት ከገበያ የጠራው ነውና መለያ ቁጥሩ ሳይጣራ ማስኩ ፊት ላይ አይደረግ።