የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሥልጠና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አዲስ ተማሪ ሲገባ አንድ ጊዜ ላይብረሪውን ማስጎብኘት ይበቃል»

አይበቃም። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው ገና የሚፈልገው ነገር ስለሌለው የሰማው ሁሉ አሳይመንት እስኪመጣ ይረሳል። ሥልጠናው መምህሩ የጽሑፍ ሥራ ባዘዘበት ሳምንት ይሰጥ። ከ50 ደቂቃ 15ቱ ለማሳየት ይበቃል፤ በቀረው ተማሪው በራሱ ርዕስ፣ በራሱ ስልክ ይፈልግ። ኔትወርክ ቢጠፋ ክፍለ ጊዜው እንዳይባክን የፍለጋውን ደረጃዎች ቀድሞ ስክሪንሾት አንስቶ መያዝ ነው።

«ስልክ ይዞ ያደገ ልጅ መፈለግ አይቸግረውም»

ስልክ መነካካትና መረጃ መፈለግ ለየቅል ናቸው። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል። «ሥነ ጽሑፍ»ን እንውሰድ፦ ሥ ወይም ስ፤ ጽ ወይም ፅ፤ ሑ፣ ሁ ወይም ኁ። 12 አጻጻፍ ወጣው። ቃሉ ሲነጠልም ሲገጠምም ከተቆጠረ 24 ይደርሳል። ካታሎጉ (የላይብረሪው የመጻሕፍት መፈለጊያ) ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲያነብ ካልተስተካከለ፣ «ስነጽሁፍ» ብሎ የጻፈ ተማሪ መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ «የለም» ተብሎ ይመለሳል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹን ማስቆጠር ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ከዚያ ቢያንስ አራት አጻጻፍ ያስሞክሯቸው፤ በደራሲው ስም ብቻም ይፈልጉ። ዓመተ ምሕረቱም ያሳስታል፦ በ2012 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በፈረንጆቹ የ2019 ወይም የ2020 ነው፤ ካታሎጉ የትኛውን እንደመዘገበ ሳያዩ በዓመት ማጣራት መጽሐፉን ይደብቀዋል።

«ቻትጂፒቲ ምንጭ ከሰጠ ላይብረሪ ምን ያደርጋል?»

የሚሰጠው ምንጭ አንዳንዴ ጨርሶ የሌለ ነው፤ የደራሲው ስም፣ ጆርናሉ፣ ገጹ ሁሉ እውነተኛ ይመስላል። መከልከል ብቻውን አይሠራም፤ ማጣራት ይማሩ። መጀመሪያ ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ አስገብቶ መፈለግ። ቀጥሎ የዲኦአይ (DOI፣ የጽሑፉ ቋሚ መለያ) ቁጥሩን መክፈት፤ ሌላ ጽሑፍ ከመጣ ወይም ጭራሽ ካልተከፈተ ያ ምንጭ አይታመንም። በመጨረሻ ጽሑፉን ከፍቶ የተባለውን ሐሳብ በዓይን ማግኘት። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ጽሑፉ ኖሮ እንዲያ ያላለበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም።

«ዋቢ ጽሑፎችን ሶፍትዌሩ ራሱ ያስተካክላል»

ዞቴሮን የመሰሉት የዋቢ ማዘጋጃ ሶፍትዌሮች ስምን በቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙ «አበበ ከበደ» «ከበደ፣ አበበ» ሆኖ ይወጣል፤ አባት ደራሲ ይሆናል ማለት ነው። ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን ማስገባት ያድናል።