ከጅማ ቤተሰብ ይዞ ቅርስ ለማየት መውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ጅማ ውስጥ በየቤቱ አንድ ወሬ ይነሳል። «ዘንድሮስ ልጆቹን የሆነ ቦታ እናሳያቸው።» አባት ላሊበላ ይላል። እናት ጣና ትላለች። አያት አክሱም ጽዮንን ሳልሳለም ልሙት ወይ ብላ ትቆጣለች። ልጆቹ ሐረር ሄደው ጅብ ማብላት አምሯቸዋል። ከዚያ አንዱ ጎበዝ ስልኩን አውጥቶ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደረድረዋል።

እንዲህ ያለ እቅድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በብር ማነስ ብቻ አይደለም። ከሰው ሰው ሲተላለፉ እውነት የመሰሉ ነገሮች አሉ። እነሱን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቅርስ ለማየት መጀመሪያ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው»

ግድ አይደለም። ሲጀመር ቅርሱ እዚሁ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ከመሀል ከተማ ቢርቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስንቱ የጅማ ልጅ ነው ላሊበላን በቴሌቪዥን ጠግቦ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ግን ለሰው ሰርግ ፎቶ ብቻ የረገጠው? ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለዐፄ ምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው መቆየት ችለዋል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኮረብታው ላይ ቁሙና ቁልቁል ከተማውን አሳዩአቸው። የድሮው የሂርማታ ገበያ የነበረው እዚያ ታች ነው። ጅማ ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። ከዚያ ወርዳችሁ ሙዚየሙ ግቡ። የንጉሡን የግል ዕቃዎች፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉትን ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች ታያላችሁ። አያት ካለች እዚህ ጋ አስጎብኚ አያስፈልግም፤ ግማሹን ዕቃ በልጅነቷ ታውቀዋለች።

ሌላው ነገር መንገዱ ራሱ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ወሊሶ ታገኛላችሁ። ከወሊሶ ወደ ወንጪ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም። ከወሊሶ ቀጥላችሁ ዓለም ገና ስትደርሱ ደግሞ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ እዚያው ይገነጠላል። የአዲስ አበባን መጨናነቅ ሳትቀምሱ የጥንት የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበትን መልካ ቁንጡሬን፣ አዳዲ ማርያምንና የትክል ድንጋዮቹን ጢያ በአንድ መስመር ታገኛላችሁ። አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ማለት ይጠይቃል። ላሊበላን ለማየት አቅም እስኪገኝ ድረስ ልጆች «አለት ፈልፍሎ መሥራት» ማለት ምን እንደሆነ በዓይናቸው የሚያዩት እዚህ ነው።

ለመጀመሪያ ጉዞ እኔን ብትጠይቁኝ ይሄንን መስመር እመርጣለሁ። ጅሬን፣ ወንጪ፣ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ፣ ጢያ። አንድ መኪና ይበቃል፤ አዳር ወሊሶና ቡታጅራ ይገኛል።

«ካርታው ስድስት ሰዓት ካለ ስድስት ሰዓት ነው»

ካርታው ስድስት ሰዓት ሲል ልጅ አልጫነም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ግን ሰርቦ ሳይደረስ ሽንቴ መጣ የሚል አለ። አሰንዳቦ ላይ ውሃ የሚፈልግ አለ። ከዚያ የግቤ ቁልቁለት ይመጣል። ከጭነት መኪና ጀርባ እየተጎተቱ ጥምዝምዙን መውረድ፣ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና መውጣት። ልጆች የሚያስመልሳቸው እዚህ ነው። ፌስታልና እርጥብ ጨርቅ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ ፌስታል የለም ማለት ነው። ቁልቁለቱ ሳይደርስ ደግሞ ሆዳቸውን አትሙሉ። የወልቂጤ ክትፎ ከግቤ ወዲያ መሆኑ እንዴት ጥሩ ነው!

ካርታው የሚለውን ሰዓት ወስዳችሁ ግማሹን ጨምሩበት። ስድስት ካለ ዘጠኝ በሉት። በዚያ ላይ ማታ አለመንዳት ነው። እንስሳ አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ ጉም አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማደሪያ መድረስ ነው የሚያዋጣው።

ወደ ሰሜን የሚወስደውን የየብስ መንገድ በተመለከተ ደግሞ አምና የሄደ ሰው ምክር አይበቃም። ባለፉት ዓመታት ሰላም የራቃቸው አካባቢዎች ነበሩ። እዚያው የሚኖር ሰው በምትነሱበት ሳምንት ጠይቁ። መልሱ «እስቲ ትንሽ ቆዩ» ከሆነ ቆዩ። ላሊበላ የትም አይሄድም።

«ከወጣን አይቀር ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ጣና በአንድ ዙር»

ይሄ የጉዞ ማኅበር ልማድ ነው የሚመስለኝ። መንፈሳዊ ጉዞ ላይ አውቶቡሱ ሌሊት ተነስቶ ሌሊት ይገባል፤ ምእመኑም ድካሙን እንደ በረከት ይቆጥረዋል። ሽርሽር ብላችሁ ያመጣችሁት የሰባት ዓመት ልጅ ግን በረከት አይቆጥርም። ያለቅሳል።

ላሊበላን ብቻ ውሰዱ። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። በሁለት ክፍል ተከፍለው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጅማ የሄደ ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቦዩ፣ ዋሻው፣ የተሸረሸረው ደረጃ ለአያት ጉልበት ቀላል አይደለም። አንዱን ክፍል ጠዋት፣ ሌላውን በማግሥቱ ማየት ነው ደንቡ። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሆኖም ስለሚታይ መውረድ የማይችል ሰው ሳያየው አይቀርም። ደቡብ ምሥራቁ ክፍል ውስጥ ያለውን ጨለማ ዋሻ ልጆች ይወዱታል፤ የስልክ ባትሪ ይኑራችሁ።

ሁለት ቦታ በደንብ ያየ ቤተሰብ አምስት ቦታ ከሮጠው ቤተሰብ የበለጠ ያወራል። ከአምስቱ የሚተርፈው ፎቶ ነው፤ እሱም የትኛው የት እንደሆነ ይምታታል።

«አውሮፕላን ለፈረንጅና ለሀብታም ነው»

ሂሳቡን ሥሩና ከዚያ ወስኑ። ከጅማ ላሊበላ በየብስ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቤተሰብ ይዞ መሄጃው ብቻ ከሁለት ቀን አያንስም፤ መመለሻውም እንደዚያው። የነዳጁን፣ የሾፌሩን አበል፣ የየመንገዱን አዳርና ምግብ ደምሩት። በአውሮፕላን ግን ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ቦሌ ላይ ቀይሮ መሄድ ነው። እያንዳንዱ በረራ ቢበዛ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስድስት ሰው ከሆናችሁ መኪናው አሁንም ሊረክስ ይችላል። ሁለት ወላጅና አንድ ልጅ ከሆናችሁ ግን ልዩነቱ እንደሚወራው ላይሆን ይችላል። መካከለኛ መንገድም አለ፤ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በአየር።

አንድ ነገር ብቻ፦ ግንኙነቱን አታጥብቁት። ጅማ በክረምት ጉም ስትለብስ የጠዋት በረራ ሊዘገይ ይችላል።

«ክረምት ትምህርት ስለሚዘጋ ጥሩው ጊዜ ክረምት ነው»

ልጆቹ ነፃ ናቸው፣ ሰማዩ ግን ነፃ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ወንጪ ላይ ጭቃና ጉም ነው፤ ሐይቁን ሳታዩት ልትመለሱ ትችላላችሁ። የጅማ ዝናብ ደግሞ እንደ ሰሜኑ በክረምት የተወሰነ አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ ይዞ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከተማሪ ጋር የሚመቸው የጥር መጨረሻው የሴሚስተር ዕረፍት ነው። አጭር ነው፣ ግን ደረቅ ነው።

«በዓሉን ጠብቀን ብንሄድ ይደምቃል»

ይደምቃል፣ እውነት ነው። ገና በላሊበላ፣ ጥምቀት በጎንደር፣ ኅዳር 21 በአክሱም ጽዮን፣ አንዴ ቢታዩ አይረሱም። ግን በዓሉን ማየትና ቦታውን ማየት ሁለት የተለያየ ጉዞ ነው። በገና ሰሞን ላሊበላ ውስጥ አልጋ ከተገኘ በውድ ነው፤ ሕዝቡ ቦዩን ሞልቶት ሕንፃው አይታይም። ትንሽ ልጅ እጅ ለእጅ ይዞ በዚያ ግፊያ ማለፍም ያስፈራል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ከበዓሉ ሳምንት ሁለት ሳምንት ዘግይታችሁ ሂዱ።

«ከደረስን በር ይከፈትልናል»

ብዙ ቤተሰብ የሚኮራረፈው እዚህ ነው። እናት ለጣና ገዳማት ስትመኝ ኖራ፣ ጀልባ ላይ ወጥታ፣ ክብራን ገብርኤል ስትደርስ «ሴት አትወርድም» ይባላል። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው ነው። ይሄ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ በልመና አይቀየርም። በተቃራኒው ዘጌ ላይ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሴትም ክፍት ነው። ክብ ሕንፃው ውስጥ መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈነው ሥዕል ብቻውን የጀልባውን ዋጋ ያወጣል። ናርጋ ሥላሴም ሴቶች ይገቡበታል፣ ግን ሩቅ ነው። አክሱም ላይም ሴቶች ወደ አሮጌዋ ጽዮን ማርያም አይገቡም፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደተሠራችው አዲሷ ግን ይገባሉ። ይሄንን ጅማ እያላችሁ ለእማዬ ንገሯት። ጀልባ ላይ ስትሰማው ሌላ ነገር ነው።

ሰዓትም አለ። በቅዳሴ ጊዜ ለጉብኝት መግባት የለም። በዐቢይ ጾም ደግሞ የዘወትሩ ቅዳሴ ከሰዓት ስለሆነ «ከምሳ በኋላ እናያለን» ያለ ሰው በር ላይ ይቆማል። በጾም ጠዋት ጠዋት ግቡ።

ጫማም ማውለቅ አለ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ደጋግሞ። ለልጆች ማሰሪያ ያለው ስኒከር አታልብሱ። ላሊበላ በአሥራ አንዱ በር ላይ ተንበርክካችሁ ክር ስትፈቱና ስታስሩ ትውላላችሁ። ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ምንጣፉ ቁንጫ አያጣም።

«ቅርስ ማየት ማለት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ነው»

ጅማ ላይ ይሄን ማለት ያስቃል፤ ጎረቤቱ ግማሹ ሙስሊም፣ ጓደኛው ቅልቅል ነው። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከተቆጠሩላት ነገሮች መካከል 82 መስጊዶች አሉ። ባሌ ላይ ድሬ ሼህ ሁሴን አለ። ትግራይ ላይ የአል ነጃሺ መስጊድ አለ። ጅሬንም የራሱ መስጊድ አለው።

ሙስሊም ቤተሰቦች ላሊበላ መሄድ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚያነሱት «ምን እንበላለን?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ በየዓይነቱ ነው። የጾም ምግብ ሥጋም ቅቤም የለበትም፤ ሁሉም ያለ ጥርጣሬ ይበላዋል። የሚቸገረው ይልቅ ወተትና እንቁላል የለመደ ሕፃን ይዞ በዐቢይ ጾም የሄደ ሰው ነው። የዱቄት ወተት ከጅማ ይዛችሁ ውጡ። በረመዳን ሐረር ለሚሄድ ደግሞ የቀን ምሳ የት እንደሚገኝ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

«ዩኔስኮ ያልመዘገበው ለመሄድ አይበቃም»

ጢያ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተመዘገበ ነው፤ 36ቱን ትክል ድንጋዮች በአንድ ሰዓት ዞራችሁ ትጨርሳላችሁ። ጅሬን መዝገቡ ላይ የለም፤ ግማሽ ቀን አይበቃውም። ሌላ ምን ልበል።

«ልጆች አይገባቸውም፣ አያት ጋ ይቆዩ»

የማይገባቸው ዘመነ መንግሥት ሲደረደርላቸው ነው። ያ ለኛም አይገባንም። ጢያ ላይ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጎራዴ እንዲቆጥሩ ንገሯቸው። አንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ አለ፣ አንዱ ላይ ምንም የለም። ለምን? ከሥራቸው መቃብር እንዳለ በቁፋሮ ታውቋል፤ የምልክቶቹ ትርጉም ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። ልጅ ደግሞ አዋቂ የማያውቀው ነገር ሲያገኝ ዓይኑ ይበራል።

መልካ ቁንጡሬ ከዚያም ይበልጣል። አዋሽ ዳር፣ የድንጋይ መሣሪያ በብዛት የተገኘበት ቦታ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባልጪት ከሚባለው ጎረቤት ሥፍራ ጋር የዓለም ቅርስ ሆኗል። እዚያ ከተገኙት ነገሮች አንዱ የእግር ዱካ ነው፤ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው። ከዱካዎቹ ውስጥ የሕፃናትም አሉበት። ይሄንን ለስድስት ዓመት ልጅ ንገሩትና ፊቱን እዩት። ወዲያው ጫማውን አውልቆ ጭቃ ውስጥ እግሩን ያትማል። ተዉት ያትም።

«የውጭ አገሩ አጎት እኛ በምንከፍለው ይገባል»

አይገባም። ብዙ ቦታ መግቢያው ለሀገር ውስጥና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። አጎት አማርኛው ጥርት ያለ ቢሆንም የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። በር ላይ ከሠራተኛው ጋር ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ ደውሎ ዋጋ መጠየቅ ይሻላል። እናንተም ፋይዳችሁን ወይም የቀበሌ መታወቂያችሁን፣ ለልጆቹ ደግሞ የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ ያዙ። ጥሬ ብርም አትርሱ፤ ባለ ጀልባውና ባለ ፈረሱ ጋ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም።