ሂሊየምን መልሶ መሰብሰብ፦ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች

ሂሊየምን ብዙዎቻችን የምናውቀው በልደት ፊኛ ነው። በፊዚክስና በኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ግን ዋና ሥራው ማቀዝቀዝ ነው። ፈሳሽ ሂሊየም የሚፈላው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። እዚያ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ሌላ ንጥረ ነገር የለም። የሞለኪውሎችን ቅርጽ የሚያሳዩት የኤንኤምአር መሣሪያዎች ማግኔታቸው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይኖራል።

ችግሩ ፈሳሹ አይቀመጥም። የቱንም ያህል ጥሩ ፔርሙዝ ውስጥ ቢገባ ቀስ እያለ ይተናል። 1 ሊትር ፈሳሽ ወደ 750 ሊትር ጋዝ ይወጣዋል። ይህን ጋዝ ዝም ብሎ ወደ ውጭ መልቀቅ ይቻላል፤ ብዙ ላቦችም ለዓመታት ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንዴ ከወጣ ግን አለቀ። አየር ውስጥ ያለው ሂሊየም ከሚሊዮን 5 እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ለይቶ ማውጣት አያዋጣም።

የሚገርመው፣ ቁጠባው አዲስ ነገር አይደለም። ሂሊየምን መጀመሪያ ፈሳሽ ያደረገው በኔዘርላንድስ የሌይደን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ ነው፤ ጊዜው ሐምሌ 1908 እ.ኤ.አ.። ያገኘው 60 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር፤ አንዲት የቡና ሲኒ ብትሞላ ነው። ጋዙን ያወጣው ሞናዛይት ከሚባል አሸዋ በብዙ ልፋት ስለሆነ የሚባክን አልነበረውም። መሣሪያውም ጋዙን በዝግ መስመር እያዞረ መልሶ የሚጠቀም ነበር። ማባከኑ የመጣው በኋላ፣ ሂሊየም ሲረክስ ነው። አሜሪካ ከ1925 ጀምሮ ቴክሳስ ውስጥ አማሪሎ አጠገብ ስታከማች የኖረችውን ሂሊየም እንድትሸጥ በ1996 ሕግ ወጣ። ገበያው ላይ ርካሽ ጋዝ ሲኖር ማን መሰብሰቢያ ቧንቧ ይዘረጋል?

ከዚያ እጥረቱ መጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. ጎረቤቶቿ በኳታር ላይ ድንበር ሲዘጉ የሂሊየም ፋብሪካዎቿ ለጊዜው ቆሙ። እንዲህ ባለ ጊዜ አቅራቢዎች ዋጋ ይጨምራሉ ወይም ኮታ ያወጣሉ። ማግኔት ደግሞ ኮታ አያውቅም፤ ፈሳሹ ካለቀበት ሊበላሽ ይችላል።

ጋዙን መልሶ የመሰብሰቡ አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። ከየመሣሪያው የሚተነው ጋዝ በቧንቧ ተሰብስቦ አንድ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ማግኔት ፈሳሽ በሚሞላበት ቀን ከረጢቱ ጣሪያ እስኪነካ ይነፋል። ኮምፕረሰር ከከረጢቱ እየሳበ እስከ 200 ባር (ከተለመደው የአየር ግፊት 200 እጥፍ ገደማ) በሚደርስ ግፊት ሲሊንደር ውስጥ ያጭቀዋል። ቀጥሎ ማጣሪያ አለ፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ እርጥበቱንና አየሩን ይይዛል። መጨረሻ ላይ ማሽን ጋዙን እንደገና ፈሳሽ ያደርገዋል።

ፈተናው ያለው በጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው። የሂሊየም አቶም ትንሽ ስለሆነ በጎማና በፕላስቲክ ውስጥ ሳይቀር ሾልኮ ይወጣል። ፈሳሹ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ማስተላለፊያው ቱቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ብዙው ይተናል። አንድ ተማሪ ቫልቭ ከፍቶ ከሄደ ደግሞ አየር ይገባና ማጣሪያውን ያጨናንቀዋል። አየር በፈሳሽ ሂሊየም ቅዝቃዜ እንደ በረዶ ስለሚጠጥር፣ ሾልኮ ካለፈ ቀጭን ቱቦዎችን ይደፍናል። ማግኔቱ በድንገት ኃይሉን ሲለቅ ግን ሂሊየሙን ማንም አያድነውም። ፈሳሹ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚፈላ አብዛኛው በጣሪያ ይወጣል። ይህ በዝግ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰው ሊያፍን ይችላል። የኦክስጅን መለኪያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ለዚህ ነው።

ለአንድና ለሁለት ማግኔት ይህን ሁሉ መዘርጋት አያዋጣም። ለእነሱ ማግኔቱ አናት ላይ የሚገጠም፣ ትነቱን እዚያው መልሶ ፈሳሽ የሚያደርግ ትንሽ ማቀዝቀዣ አለ። ጭራሽ ፈሳሽ የማይፈልጉ "ደረቅ" መሣሪያዎችም አሉ። ነገር ግን መብራት ይበላሉ፤ ይንቀጠቀጣሉም፤ ንዝረት የማይወድ ሙከራ ላይ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው።

ስለዚህ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ማዕከል ለብዙ ክፍሎች ያሠራሉ። መስመሩ ላይም ልክ እንደ ውሃ ቆጣሪ ቆጣሪ ይገጠማል። የወሰደውን ያህል ያልመለሰ ላብ የጎደለውን ይከፍላል። ያኔ ጋዙ የት እንደሚሾልክ የሚፈልገው ሰው ይበዛል።