ትንሿ አውሮፕላን ሞተሯ ሲጠፋ

ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አየር ላይ ሞተሯ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ የምትወርድ ይመስለናል። አትወርድም። ቁልቁለት ላይ ፍሪ ተደርጎ እንደተለቀቀ መኪና ናት፤ ከፍታዋን እየከፈለች ወደፊት ትንሸራተታለች። በብዙ የበረራ ትምህርት ቤቶች የምትገኘው ሴስና 172 ለአንድ ሜትር ከፍታ 9 ሜትር ያህል ትጓዛለች። ሞተሯ 1,000 ሜትር ላይ ቢጠፋና ነፋስ ባይኖር፣ አብራሪው 9 ኪሎ ሜትርና አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ አለው።

ይህ የሚሆነው ግን ፍጥነቷ ከተጠበቀ ነው። ለሴስና 172 እንደ ሞዴሏ ከ65 እስከ 68 ኖት ነው፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ቢሉት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሬዲዮ ማንሳት አይደለም። አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ይህን ፍጥነት መያዝ ነው። መሬት ሲቀርብ እጅ መሪውን ሳብ ሳብ ያሰኘዋል። ከልክ በላይ ከተሳበ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። እንደ ድንጋይ መውረድ ያኔ ይመጣል።

ሞተር የሚጠፋው ሁልጊዜ ተሰብሮ አይደለም። ቤንዚን ያልቃል። ወይም ቤንዚን ሞልቶ ሳለ መቀያየሪያው ባዶው ታንክ ላይ ተረስቷል። ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ባላቸው ሞተሮች ደግሞ በረዶ አለ። ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ አየሩ እርጥብ ከሆነ ካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ ሊጋገር ይችላል፤ ቤንዚኑ ሲተን አየሩን በጣም ያቀዘቅዘዋልና። ለዚህ ነው አብራሪው ፍጥነቱን እንደያዘ ታንክ የሚቀይረው፣ የካርቡራተር ማሞቂያውን የሚከፍተው። አንዳንዴ ሞተሩ ይነሳል። ካልተነሳ በሬዲዮ የአደጋ ጥሪው «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ይባላል።

ክፉው ሰዓት ገና እንደተነሱ ያለው ነው። ከፍታ የለም፣ መንደርደሪያው ከኋላ ቀርቷል፣ ልብ ግን ተመለስ ይላል። ዞሮ መመለስ ብዙ ከፍታ ይበላል፤ ስለዚህ አስተማሪዎች ዝቅ ካልክ ፊት ለፊትህ ባለው ቦታ እረፍ ይላሉ። ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ መጋቢት 2015 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ላይ የገጠመው ይኸው ነው። በ1942 የተሠራች አውሮፕላኑ እንደተነሳች ኃይል አጣች። ወደ መንደርደሪያው ሊመለስ ሞከረ፣ እንደማይደርስ ሲያውቅ ተወው፤ ዛፍ ነክቶ የጎልፍ ሜዳ ላይ ወደቀ። ተጎዳ፣ ግን ተረፈ። መርማሪዎች በኋላ ያገኙት ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነው ክፍል ላልቶ ነው።

ሜዳ ሲመረጥ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚያገኝ ይሻላል። የታረሰ መሬት ከሆነ በትልሙ አቅጣጫ እንጂ ትልሙን አቋርጦ አይታረፍም። የመብራት ሽቦ ከላይ አይታይም፤ ምሰሶውን መፈለግ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ 65 ኖት እያሳየ፣ አውሮፕላኗ መሬቱን የምታገኘው ባሕር ዳርቻ ላይ ከምታገኘው ከ10 በመቶ በላይ ፈጥና ነው። ስለዚህ ሜዳውም ረዘም ማለት አለበት።

መሬት ከመንካት በፊት ቤንዚኑና ኤሌክትሪኩ ይዘጋሉ፣ ቀበቶ ይጠብቃል፣ በሩ ገርበብ ይደረጋል። የተጣመመ በር ከውስጥ ላይከፈት ይችላል።